የሞኝ ለቅሶ

«የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ» ይባላል። ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ይተረታል፤ ከዚያው የመጣን እኛም ስንለው አድገናል። ሞኙን የግጥም ማጣፈጫ ያደረግነውም እኛው ነን። ኧረ ለመሆኑ ሰውየው ለምን መላልሶ አለቀሰ? መጀመሪያ ሲያለቅስ ሰሚ አጥቶ ቢሆንስ?

ይታየን፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበትን የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ እናቱ እጁን ይዛ፣ ዳገት ቁልቁለቱን አቋርጣ ጤና ጣቢያ ታደርሰዋለች። ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብሏል፤ ጆሮ ግንዱን በቡጢ ይደበድባል፤ ሌሊት ይጮኻል። ተረኛው ቀና ብሎ ያየውና «እሱማ ተፈጥሮው ነው» ብሎ ይሸኘዋል። መንጋጋው መግል ቋጥሮ እንደሆነስ ማን አየ? ጥርስ፣ ጆሮ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሌላው ቀርቶ በእነዚህ ወገኖቻችን ላይ የሚበዛው፣ መድኃኒትም ያለው የሚጥል በሽታ «ተፈጥሮው» በምትል አንዲት ቃል ይቀበራል።

ነርሷን የምንፈልጋት እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ለአፍታ ያየዋል፤ ሙቀቱን የምትለካው፣ ከእናቱ ጋር የምታወራው እሷ ናት። «ከወትሮው ምን ተለወጠ?» ብላ ትጠይቅ፤ መጀመሪያ እሱን ራሱን፣ በስሙ ጠርታ፤ ከዚያ እናቱን። ሐኪሙ «ተፈጥሮው ነው» ቢል «የለም ዶክተር፣ አፉን ከፍተን እንየው» ብላ ትሟገት። እንግሊዞች ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሠለጥኑ ነርሶች አሏቸው። እኛ ግን አዲስ ማዕረግ እስኪፈጠር መጠበቅ የለብንም።

«ነርሷ አንድ፣ ሰልፈኛው መቶ» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደመወዟም ወር አያደርስም። ቢሆንም ያቺ ጥያቄ ስንት ደቂቃ ትፈጃለች?

ሕጉስ? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 339 እነዚህን ሰዎች ከሰካራምና ከአባካኝ ጋር አሰልፏቸዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 25 ባለሙያው ከማንም እኩል እንዲያክማቸው ያዝዛል። የፊተኛውን ሳናነበው እንኖርበታለን፤ የኋለኛውን አጽድቀን ረሳነው።

ነፋስ መውጫ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ያሉት ነርሶች አብረውን የተማሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ናቸው። ለክረምት ስንወርድ ካርዱ ላይ ምን እንደሚጽፉ እንጠይቃቸው፤ ሲሟገቱም ብቻቸውን አንተዋቸው። ጓዳ የተቀመጠውንም ጎረቤታችንን ይዘን እንሂድ፣ ወረፋ እንያዝለት። እናቱ አርጅታለች፤ ዳገቱን ከእንግዲህ አትችለውም።