ከጸሎቱ ጋር ሐኪም
ወገኖች ሆይ፣ በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር «እምነትህ ጎደለ» አላለውም፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው። ጥያቄው የመጣው ኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በወጣቶች ኅብረታችንም አሉ ማለት ነው። «መኖር ሰለቸኝ» ያለንን ልጅ ጋኔን ገሥጾ ብቻ ወደ ቤቱ መስደድ እረኝነት አይደለም።

እንጸልይለት፤ በዚያው ቀን ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ባለሙያ ከሌለስ? ለመቃብር ቦታ የወረዳውን ደጅ የጠናን ሰዎች፣ ለልጆቻችን ሕይወት የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲመደብ እንጥና። ለኤልያስ እንጎቻ የላከ ጌታ ለእነርሱ ሐኪም ቢልክ ምን ይደንቃል?