የድሬዳዋ መንገደኛና የአይሮፕላን ዋጋ

ድሬዳዋ ከመጓጓዣ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ሥፍራ በደረሰ ጊዜ፣ በሐዲዱ ዙሪያ ገበያ ቆመ፤ ከገበያውም ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ለሚፈልግ የድሬዳዋ ሰው መኪናም፣ አዲሱ ባቡርም፣ አይሮፕላንም አለለት። ታዲያ የመንገዱ ዓይነት ሲበዛ የአይሮፕላኑ ዋጋ ስለ ምን አይረክስም?

ይህ የባለጠጎች ጥያቄ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ለስብሰባ የሚጠራው ወጣት ሹም፣ ለቪዛ ጉዳይ አዲስ አበባ እንዲቀርብ የታዘዘው ተማሪ፣ የእናቱን ሕመም በስልክ የሰማው ልጅ፣ ሁሉም አንድ ቀን ከቲኬት መሸጫው ፊት መቆማቸው አይቀርም። ስለዚህ ዋጋው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ምክንያት የበረራው ማጠር ነው። አይሮፕላን ነዳጅ አብዝቶ የሚያቃጥለው ከምድር ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፣ የመነሻውና የማረፊያው ወጪ የሚደለደለው በጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የአንዱ ኪሎ ሜትር ዋጋ ከረጅሙ በረራ ይበልጣል። ሁለተኛው ምክንያት ነዳጁና መለዋወጫው በውጭ አገር ገንዘብ መገዛቱ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ወጪ በብር ሲታሰብ ከፍ ብሏል። ሦስተኛው፣ መደበኛውን የአገር ውስጥ በረራ በአብዛኛው የሚያካሂደው በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሆኑ ነው፤ በየመሥመሩ ዋጋ የሚፎካከረው እምብዛም የለም።

ፉክክር ዋጋን እንደሚያወርድ በሌላ አገር ታይቷል። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የአየር መንገዶችን ዋጋ ከመንግሥት ቁጥጥር ስትለቅ፣ ሳውዝዌስት የተባለው ኩባንያ በገባበት ጣቢያ ሁሉ የሌሎቹም ዋጋ ሲወርድ ታየ። ይሁን እንጂ ገበያ ብቻውን ሁሉን አያስተካክልም። ያው ሕግ ትርፍ የማይገኝባቸው ትንንሽ ከተሞች ከበረራ ውጭ እንዳይቀሩ መንግሥት ድጎማ እንዲሰጥ አዝዟል። በአፍሪካም በጥር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የአንድነት የአየር ገበያ ውል ሰማዩን ለመክፈት የታሰበ ነው። ነገር ግን ይህ ውል በአገሮች መካከል ስለሚደረግ በረራ እንጂ በአንድ አገር ውስጥ ስላለው መሥመር አይደለም።

እንግዲህ ትልቁ ነገር እስኪስተካከል ድረስ መንገደኛው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ቀድሞ ይግዛ። በአንድ አይሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ላይተካከል ይችላል። አየር መንገዶች ወንበሮችን በየደረጃው ከፍለው ርካሹን አስቀድመው ይሸጡታል፤ የመጨረሻዎቹን ወንበሮች የሚገዛው የቸገረው ሰው መሆኑን ያውቃሉና። ነገር ግን ርካሹ ቲኬት ቀኑን ለመለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ሲሞከር ቅጣት ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመክፈል በፊት ደንቡን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የሕዝቡን ጉዞ ይመልከት። የቁልቢ ገብርኤል በዓል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሲከበር ተሳላሚው ወደ ድሬዳዋ ይጎርፋል፤ ከበዓሉም በኋላ ይመለሳል። በዋዜማው ከድሬዳዋ የሚወጣ፣ በማግሥቱም ወደ ድሬዳዋ የሚገባ ሰው ከሕዝቡ ፊት ለፊት ስለሚጓዝ ወንበር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል።

ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከድሬዳዋ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለውን ዋጋ በአንድ ቲኬት ይጠይቅ። ሁለቱን ጉዞ ለየብቻ ደምሮ ከሚያገኘው ሊያንስ ይችላል። ከቦሌ የሚነሣ የሌላ ኩባንያ ርካሽ ቲኬት ካገኘ ደግሞ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መሳፈሪያ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያውንና ምግቡን ይደምርበት። ለምሳሌ ያህል በቲኬቱ 5,000 ብር አተርፋለሁ ብሎ ለመንገድና ለማደሪያ 6,000 ብር ቢያወጣ፣ ያተረፈው ድካም ብቻ ነው። ቲኬቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው ኪሣራው የራሱ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ያለውም፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፍሮ ለሚመጣ እንግዳ የአገር ውስጡ ጉዞ በቅናሽ ሲሸጥ መቆየቱን አስታውሶ፣ ዘመዱ ቲኬቱን ከመግዛቱ በፊት እንዲጠይቅ ይንገረው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የእኛ የወጣት ሹሞች ጉዳይ ነው። ከአንድ ወር በፊት የታወቀ ስብሰባ የጥሪው ደብዳቤ ሁለት ቀን ሲቀረው ከድሬዳዋ ቢደርስ፣ መሥሪያ ቤቱ የሚገዛው ከሁሉ የተወደደውን ወንበር ነው። ገንዘቡ ከማንም ኪስ የወጣ ስለማይመስል ጠያቂ የለውም። ነገር ግን ያ ገንዘብ የግብር ከፋዩ ነው፤ ያ ወንበርም እናቱ የታመመችበት ልጅ የሚፈልገው ወንበር ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የአየር መንገዱን ዋጋ ዛሬ ለመለወጥ ሥልጣን የለንም፤ ደብዳቤውን በጊዜው ለመጻፍ ግን የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም።