የቁልቁለት ሕመምና ላክቲክ አሲድ

ከጉና ተራራ ወርዶ ያደረ ተማሪ በማግስቱ ከአልጋው ሲነሣ ጭኑን ይዞ ያቃስታል። ምን ሆንክ ቢሉት መልሱ የታወቀ ነው፤ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» ይላል። ይህን መልስ ከመምህሩ ተቀብሎታል፤ መምህሩም ከመምህሩ ተቀብሏል። እኛም በተማሪነት ዘመናችን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈነው ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። ይሁን እንጂ መልሱ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱን ለመረዳትም ቤተ ሙከራ አያሻም፤ የደብረ ታቦር አካባቢ አቀበትና ቁልቁለት ይበቃል።

ላክቲክ አሲድ በብዛት የሚመረተው ጡንቻ አቅሙን አሟጦ ሲሠራ፣ ለምሳሌ አቀበት በፍጥነት ስንወጣ ነው። ሥራው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻና ከደም ይጠረጋል። ሕመሙ ግን የሚበረታው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፤ ደግሞም የሚበረታው በወጣው ላይ ሳይሆን በወረደው ላይ ነው። እንግዲህ ተከሳሹ ወንጀሉ ሲፈጸም በቦታውም በሰዓቱም አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት ጡንቻ እንዴት እንደተሠራ ማየት ይኖርብናል። ከአጥንት ጋር በጅማት የተያያዘ ጡንቻ የክሮች ነዶ ነው። እያንዳንዱ ክር አንድ ረዥም ሕዋስ ሲሆን በውስጡ ማዮፋይብሪል የሚባሉ እጅግ የቀጠኑ ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። ማዮፋይብሪሉ ደግሞ ሳርኮሜር በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ 400 ያህሉ ተከታትለው ይሰለፋሉ። በእያንዳንዱ ሳርኮሜር መካከል ወፍራሞቹ የማዮሲን ክሮች አሉ፤ ከሁለቱ ጫፎች የሚነሡት ቀጫጭን የአክቲን ክሮችም በመካከላቸው ይገባሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ለማስረዳት ከጋፋት የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሠራው «ሴባስቶፖል» መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲጓዝ የሳበው ሞተር አልነበረም፤ የሰው ጡንቻ ነበር። ሠራዊቱ በገመድ እየሳበ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡና መንገድ እየጠረጉ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ በመጋቢት ደረሰ።

አሁን ዳገት አናት ላይ ቆመው ገመዱን በእጅ በእጃቸው እየቀያየሩ የሚስቡ ሰዎችን በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ገመዱ አያጥርም፤ የሰዎቹም ቁመት አይቀንስም፤ ገመዱ ወደ እነርሱ ይንሸራተታል እንጂ። በሳርኮሜርም የሚሆነው ይኸው ነው። አክቲን ገመዱ ነው፤ ከማዮሲን ክር የወጡት ራሶች እጆቹ ናቸው። ነርቭ ትእዛዝ ሲያደርስ በክሩ ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ካልሲየም ይለቀቃል፤ በአክቲን ላይ የተሸፈኑት መያዣ ቦታዎችም ይገለጣሉ። ራሶቹ ይይዛሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። አንዱ ስበት ቢበዛ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ ያህል ነው። ክሮቹ ሳያጥሩ እንደሚንሸራተቱ እ.ኤ.አ. በ1954 አንድሩ ሀክስሊና ሮልፍ ኒደርገርከ በአንድ ወገን፣ ሂዩ ሀክስሊና ጂን ሃንሰን በሌላ ወገን፣ በአንድ የ«ኔቸር» መጽሔት እትም ላይ አስታወቁ (ሁለቱ ሀክስሊዎች ዘመዳሞች አይደሉም)።

ብዙ ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ራሱ አክቲኑን ለመልቀቅ ኤ ቲ ፒ የተባለው የኃይል ምንጭ ይፈልጋል። በበዓል ቀን ከታረደ በሬ የተቆረጠ ትኩስ ሥጋ ሲንቀጠቀጥ ያላየ የለም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ይደርቃል። ኤ ቲ ፒው አልቆ እጆቹ ገመዱን እንደጨበጡ ስለቀሩ ነው።

ወደ መድፉ እንመለስ። መንገዱ አቀበት ብቻ አልነበረም። ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲወርድ 7 ቶኑን መሳብ ሳይሆን እንዳይሸሽ ወደ ኋላ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ገመዱ ከእጅ እያመለጠ፣ እጅ ግን እየያዘ። ከጉና የሚወርድ ተማሪ የጭን ጡንቻም እንዲሁ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነቱን ክብደት ይዞ፣ እየሳበ ሳለ ይረዝማል። ይህ አሠራር ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አቦት፣ ቢግላንድና ሪቺ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አድርገው በአንድ ሰንሰለት አያያዙ። አንዱ ወደ ፊት ሲነዳ ሌላው ፔዳሉን ይቃወማል፤ የሚቃወመው የተጠቀመው ኦክስጅን እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጡንቻ እየረዘመ ሲይዝ ጉልበቱ ስለሚጨምር ያንኑ ሸክም የሚሸከሙት ጥቂት ክሮች ናቸው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ጥቂቶቹ ክሮች ከልክ በላይ ይጫናሉ፣ አንዳንድ ሳርኮሜሮች ከመጠን በላይ ይለጠጣሉ፣ ይቀደዳሉም። የተጎዳው ጡንቻ ሲቆጣና ሲጠገን ሕመሙ ይሰማናል። የተጠገነው ጡንቻ ግን ለሳምንታት ያህል ያንኑ ሥራ ይለምዳል። በየሳምንቱ ሸክም ይዘው ቁልቁል ወደ ገበያ የሚወርዱ እናቶቻችን በማግስቱ ጭናቸውን ይዘው የማያቃስቱት ለዚህ ነው።

በእኛ አስተያየት የስሕተቱ ሥር «መኮማተር ማለት ማጠር ነው» ብለን ማስተማራችን ነው። በዚህ ትርጉም ያደገ ተማሪ ቁልቁለት ላይ ጡንቻ ያረፈ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለሕመሙ ሌላ ተጠያቂ ይፈልጋል። መኮማተር መሳብ ነው፤ እየሳበ ሊያጥር፣ ባለበት ሊቆም፣ ሊረዝምም ይችላል። የባዮሎጂ መምህራን ይህን በሰሌዳ ላይ ከሚጽፉ ይልቅ ተማሪዎቻቸውን ወደ ደጅ ያውጡ። ጤነኛ ተማሪ ጉልበቱ ድረስ በማይደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ለ15 ደቂቃ ይውጣና ይውረድ፤ ሲወጣም ሲወርድም ቀኝ እግሩን ያስቀድም። እንዲህ ከሆነ ሰውነትን ወደ ላይ የሚያነሣው ቀኝ ጭን፣ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ግራ ጭን ይሆናል። ከሁለት ቀን በኋላ የትኛው እንደታመመ ይጠይቁት።