ስለ ሩሲዮን ቀይና ቢጫ ምድር

በዚህ ዓምድ ስለ ሩቅ አገር በጻፍሁ ቍጥር «ይህ ለእኛ ቤት ምን ይረባል?» የምትሉ እንዳላችሁ አላጣሁትም። የዛሬው ጽሑፍ ግን ስለ አፈር ነው፤ አፈር ደግሞ በየደጃችን አለ። ደግሞም በዚያው ጕዞ በእናቴና በልጅ ልጃቸው መካከል አንድ ቅያሜ ስለ ደረሰ፥ አያትና የልጅ ልጅ ባሉበት ቤት ሁሉ ጆሮ የሚሰጠው ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት በጸደይ ወራት እናቴን ይዤ በደቡብ ፈረንሳይ በማርሴይ ከተማ ከምትኖረው እኅቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እናታችን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ባለች የገጠር መንደር ተወልደው ስላደጉ ከተማ ቶሎ ይሰለቻቸዋል። ከፎቅ ቤት መስኮት ተቀምጦ ሌላ ፎቅ ቤት ሲያዩ መዋል በአምስተኛው ቀን ከበዳቸውና «እስቲ መሬት አሳዩኝ» አሉ። እኅቴም ጥቂት አሰበችና፥ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሚያስኬደው ከሉቤሮን ተራራ ወዲያ ሩሲዮን ወደምትባል መንደር ልትወስደን ቈረጠች።

ማለዳ ስንነሣ እናታችን እንደ ልማዳቸው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኅቴ «እማዬ፥ ዛሬስ ጠቆር ያለ ልብስ ይሻልዎታል፤ ያ አፈር ልብስ ይይዛል» ብትላቸው፥ «በሰው አገር በአደፈ ልብስ ልዙር?» ብለው እንቢ አሉ። ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ እኅቴን ስሙ እንጂ እናቴን አትስሙ።

መንገዱ ግራና ቀኝ የወይን ተክልና የቼሪ ዛፍ ነው፤ ተራራው ደግሞ ነጭ የኖራ ድንጋይ። እንዲህ ነጭና አረንጓዴ ሲያዩ ቆይተው ሳይታሰብ ከጥዱ መካከል ቀይ ገደል ብቅ ሲል ሰው ይደነግጣል። መንደሪቱ ከኰረብታ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቤቶቿ ሁሉ ከተቀመጡበት ምድር በወጣ ቀለም የተቀቡ ስለ ሆኑ፥ ገደሉ የት ላይ አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራል። ስሟም የመጣው ቀይ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው።

የእግር መንገዱ የሚጀምረው ከመንደሪቱ ዳር ሲሆን ለመግቢያ ጥቂት ዩሮ ይከፈላል። ሁለት ዓይነት መንገድ አለ፤ አጭሩ ግማሽ ሰዓት፥ ረጅሙ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ብዙ የእንጨት ደረጃ ስላለበት ለእናታችን ጕልበት ብለን አጭሩን ብንመርጥላቸው፥ «ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አጭሩን ይሄዳል?» ብለው ቀደሙን።

ከውስጥ ያለውን ነገር በቤት ዕቃ ካልመሰልሁት በቀር መናገር አይሆንልኝም። አንዱ ገደል እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ከጎኑ ያለው እንደ ድልህ ቀይ፤ ወዲያ ያለው እንደ ማር ሰፈፍ የገረጣ። ከመካከላቸው እንደ አመድ ነጭ የሆነ ሥሥ መስመር የሚያልፍበት አለ። ገደሉ በዝናብ ተሸርሽሮ አንዳንዱ እንደ ምሰሶ ቆሟል፤ አንዳንዱ እንደ መርፌ ሾሏል። ከላይ አረንጓዴ ጥድ፥ ከእግር በታች እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ አለ። ዙሪያው ያለው የኖራ ድንጋይ የማያበቅለውን፥ በአገራችን ደጋ ከሚበቅለው ከአስታ ጋር ዘመድ የሆነ ቍጥቋጦ በዚያ አየሁ።

እናታችን ከገደሉ ፊት ቆመው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ይህማ የቤት መለቅለቂያ አፈር ነው!» አሉ። በልጅነታቸው በዓል ሲደርስ ከእናታቸው ጋር ከወንዝ ማዶ ካለ ገደል ቢጫ አፈር በቅርጫት ተሸክመው እያመጡ፥ በውሃ በጥብጠው ግድግዳውን ይለቀልቁ ነበረ። «እኛ ግማሽ ቀን ሄደን አንዲት ቅርጫት ነበር የምናመጣው፤ እዚህ ተራራው ሁሉ ይኸው ነው» አሉና ጐንበስ ብለው አንድ እፍኝ ቢጫ አፈር ዘግነው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

በዚህ ጊዜ የእኅቴ ልጅ፥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፥ ወደ እርሳቸው ሮጠና «እማማ፥ ክልክል ነው! መልሺው!» ብሎ ጮኸ። ከመንገዱ መግቢያ ላይ አፈር መውሰድ የተከለከለ መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ነበረ፤ እርሱ አንብቦታል፥ እኛም አንብበነዋል። ልጁ ተወልዶ ያደገው በዚያ አገር ስለ ሆነ አማርኛው «መልሺው» እንጂ «ይመልሱት» ለማለት አይደርስም። የሚያልፉት ሰዎች ዘወር ብለው አዩን። እናታችን አንዳች ሳይናገሩ ቋጠሮውን ፈተው አፈሩን መሬት ላይ በተኑት፤ ከዚያም እስከ መንገዱ ፍጻሜ ድረስ ከልጁ ጋር አልተነጋገሩም።

እውነቱን ለመናገር ልጁ በነገሩ ትክክል ነበረ። ያ ገደል እንደ ድንጋይ የጸና አይደለም፤ ዝናብ በመጣ ቍጥር ይታጠባል፥ እግር በረገጠው ቍጥር ይናዳል። በየዓመቱ የሚመጣው ጐብኚ ብዙ ነውና እያንዳንዱ አንድ እፍኝ ይዞ ቢሄድ የልጅ ልጆቻችን የሚያዩት አይተርፍም። ለዚሁም ሲባል ሰው ከታጠረው መንገድ እንዳይወጣ ያዝዛሉ፤ ብርቱ ዝናብ ሲሆንም መንገዱን ይዘጉታል። ነገር ግን ሰባ ሦስት ዓመት የሞላቸውን ሴት በአደባባይ በአንቺታ መገሠጽ እንዴት እንደሚያም ልጁ ከየት ይወቀው? ማስታወቂያውን አንብቤ ሳለሁ ቀስ ብዬ ልነግራቸው የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። «የእናቴን ደስታ ለምን ላጥፋ» ብዬ ዝም አልሁና የእኔን ሥራ ለሕፃን ተውሁት።

ስለ አፈሩ አመጣጥ የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ይላሉ። ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት በዚያ ስፍራ ባሕር ነበረ፤ ከባሕሩም ወለል ላይ ብረት ያለበት አረንጓዴ አሸዋ ተከማቸ። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ምድሪቱ ሙቀትና ብርቱ ዝናብ ያለባት ሆነች። ዝናቡ አሸዋውን እያጠበ ሲሰርግበት በውስጡ ያለው ብረት ዛገ። ኦክር የሚባለው ቀለም እንግዲህ ከሸክላ አፈር ጋር የተዋሐደ የብረት ዝገት ማለት ነው። ዝገቱ ውሃ ያዘለ ሲሆን ቢጫ፥ ውሃ የሌለው ሲሆን ቀይ ይሆናል።

በመንደሪቱ የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ሴርሞንድ የምትባል የአንድ መስፍን ሚስት ነበረች፤ ባሏ በቅናት ተነሣሥቶ አንድ ባለ ቅኔ ስለ ገደለ ከገደሉ ላይ ራሷን ወረወረች፥ ምድሪቱም በደሟ ቀላች ይላሉ። ታሪኩ ከዚህ የከፋ ነገር አለበት፤ ልጆች በሚሰሙበት ገጽ ላይ አልጽፈውም። ባለ ቅኔው የተባለው ጊዬም ደ ካቤስታን በእውነት የነበረ ሰው ቢሆንም፥ አገሩ ከስፔን ወሰን አጠገብ ያለው ሌላው ሩሲዮን ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ተረቱ ወደዚህ ተሻገረ።

እኔን ይልቅ ያስገረመኝ ያ ሁሉ ውበት የሰው እጅ ሥራ ያለበት መሆኑ ነው። የምንሄድበት ገደል አሮጌ የአፈር ካባ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ዣን ኤትዬን አስትዬ የተባለ የሩሲዮን ሰው አፈሩን በውሃ አጥቦ ቀለሙን ከአሸዋው በብዛት የመለየትን ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ኰረብታውን በዶማና በአካፋ ሲንድ ኖረ። ቀለሙ ለግድግዳ ብቻ ሳይሆን ለጎማና የወለል ንጣፍ ለሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይላክ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ከዚያ አውራጃ የወጣው ኦክር ወደ 40 ሺሕ ቶን ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ግን የዓለም ንግድ ተናወጠ፤ በፋብሪካ የሚቀመም ርካሽ ቀለምም መጣና ካባዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሩስትሬል በሚባለው በሌላው መንደር ያለው ሰፊ ባለ ቀለም ምድርም እንዲሁ የተተወ ካባ ነው፤ እርሱም ዛሬ የእግር መንገድ ወጥቶለት ይጐበኛል። በጋርጋስ ደግሞ ሠራተኞች ከምድር በታች የፈለፈሉት፥ ቁመቱ እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ዋሻ አለ፤ እኛ ግን ለዚያ ጊዜ አልበቃንም።

ሩሲዮንን ስደተኛም ያውቃታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1942 ዓ.ም. የአየርላንዱ ደራሲ ሳሙኤል ቤኬት የጀርመን ጦር ከያዘው ከፓሪስ ሸሽቶ መጥቶ በዚያች መንደር ተሸሸገ፤ ለእንጀራውም በገበሬ እርሻ ላይ ይሠራ ነበረ። በ1969 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው እርሱ ነው።

ከእግር መንገዱ ከወጣን በኋላ ወደ አፕት በሚወስደው ጐዳና ላይ ወዳለው አሮጌ የኦክር ፋብሪካ ሄድን። ከ1921 እስከ 1963 ዓ.ም. ሲሠራ ቆይቶ ዛሬ የቀለም ትምህርት የሚሰጥበትና የሚጐበኝ ስፍራ ሆኗል። የምታስጐበኘው ወይዘሮ የአሠራሩን ነገር ስትገልጽ ልጁ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይነግረን ጀመረ። ሠራተኞቹ በክረምት አፈሩን በብዙ ውሃ አጥበው በቦይ ይለቁታል። አሸዋው ከባድ ስለ ሆነ ከቦዩ ሥር ይቀራል፤ ቀለሙን የያዘው ውሃ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ይወርዳል። በዚያም ቀለሙ ሲዘቅጥ ከላይ የጠራውን ውሃ እያፈሰሱ፥ ሌላ እየጨመሩ ገንዳው እስኪሞላ ይደጋግሙታል። የሞቃቱ ወራት ሲመጣ ጭቃው ይጠነክራል፤ እንደ ጡብ እየቈረጡ ያደርቁታል። ቀይ የሚፈልጉ እንደ ሆነ ቢጫውን በእቶን ይጋግሩታል፤ እሳቱ ውሃውን ሲያወጣበት ይቀላል። ከዚያም ተፈጭቶ ይነፋል።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት እናታችን ስለ እቶኑ ሲሰሙ ግን አላስቻላቸውም። «እንዴ፥ ይህን ማን አያውቅም! ሸክላስ ሲተኰስ አይቀላም?» አሉ። ቀጥለውም እርሳቸውና እናታቸው አፈሩን በእንስራ በጥብጠው እንደሚያሳድሩት፥ ከሥር የሚቀረውን አሸዋ ጥለው ከላይ የላመውን ለግድግዳ እንደሚወስዱት፥ እንዳይራገፍ ምን እንደሚጨምሩበት ተናገሩ። ልጁ ፈረንሳይኛውን ትቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጣቸው ነበረ። አስጐብኚዋ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችው፤ እርሱም አንድ በአንድ ነገራት። ወይዘሮዋ ጐብኚዎቹን ሁሉ ወደ እናታችን አዙራ እንዲሰሙ አደረገች። እናታችንም አንዱን ዐረፍተ ነገር ተናግረው ልጁ እስኪተረጕም ይጠብቁ ጀመረ።

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር አስታወስሁ። በድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ በ1929 ዓ.ም. ለሊቃውንት ያሳወቁት ካህኑ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ የተባሉ ፈረንሳውያን ናቸው። ከዚያ ዋሻ ከ4 ሺሕ በላይ የኦክር ቍራጮች ተገኝተዋል፤ ክብደታቸው ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. በታተመው ጥናት እንደ ተገለጠው ሰዎች ከ40 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ያንን አፈር ወደ ዋሻው እያመጡ ይፈጩት ነበረ። ለልጁ ይህን ብነግረው «ኢትዮጵያ ውስጥ?» አለና ወደ አያቱ ተመለከተ፤ እርሳቸው በዚያ የነበሩ ያህል።

ከመውጫው አጠገብ የተነፋ ቀለም በትንንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። እኅቴ ልትገዛላቸው ብትል እናታችን «አፈር በገንዘብ? አላበድሁም» አሉ። ልጁ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ከኪሱ ገንዘብ አንድ ቢጫ ብልቃጥ ገዛና በሁለት እጁ ይዞ ሰጣቸው። «እማማ፥ ይኼ ክልክል አይደለም፤ ውሰጂ» አላቸው። አሁንም በአንቺታ ነው። እናታችን ተቀብለው ጕንጩን ሳሙትና «ውሰጂ አይባልም፤ ይውሰዱ ነው የሚባለው፥ የኔ ጌታ» አሉት። ልጁ ወደ ማርሴይ እስክንመለስ ድረስ በመኪናው ውስጥ «ይውሰዱ፥ ይመልሱ፥ ይቀመጡ» እያለ ሲለማመድ መጣ።

ነጠላው አዳሩን ደረቀና እኅቴ አፈሩን በብሩሽ አራግፋ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አጠበችው። የቀረው ሁሉ ለቀቀ። ቋጠሮው የነበረበት ጫፍ ግን አልነጣም። እኅቴ በበረኪና ላስለቅቀው ብትል እናታችን «ተይው» አሏት፤ እስከ ዛሬም ቢጫ ነው።