ሀብታም አገር፣ ደሃ ሰፈር

ሜሪላንድ የምትኖር አክስቴ በደወለች ቁጥር ስለ ባልቲሞር ሳታነሳ ስልኩን አትዘጋም። “ዛሬም እዚያ ሰው ተገደለ” ትለኛለች። ለምን ይሆን ስላት መልሷ አጭር ነው፦ “ልማዳቸው ነዋ! ሥራ አይወዱ፣ ምን ያርጉ?” ማንን ማለቷ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ጊዜ አምኛት ነበር። የዓለም ትልቁ ኢኮኖሚ ባለበት አገር ሰው ለምን ይገዳደላል?

እስቲ ባልቲሞርን ጠጋ ብለን እንያት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1910 ከተማዋ ጥቁሮች ነጮች በሚበዙበት መንገድ ላይ እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ አወጣች። በ1917 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ደንብ ሻረ። በ1930ዎቹ ግን አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ ሠርቶ የጥቁሮችን ሰፈር በቀይ ቀለም ቀባው። ቀይ ማለት “እዚህ ማበደር አደጋ አለው” ማለት ነበር። ቤት መግዛት ያልቻለ አባት ለልጁ ምን ያወርሳል?

ቢያንስ ሥራ ነበር። የስፓሮውስ ፖይንት ብረት ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኮሌጅ ያልገባ ሰው ቤተሰብ ያስተዳድርበት ነበር። ሠራተኛው እየተመናመነ ሄዶ ፋብሪካው በ2012 ተዘጋ።

“ድህነት የሚያጋድል ቢሆንማ እኛ ተጫርሰን ባለቅን!” የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ድህነት ብቻውን አይገድልም። ግን አንድ ሰፈር ላይ የታጨቀ ድህነት፣ ከጎኑ የሚታይ ሀብት፣ በየእጁ ያለ ሽጉጥ ሲገናኙስ? በ2018 በወጣ ግምት አሜሪካ ውስጥ ለ100 ሰው 120 ያህል የጦር መሣሪያ በሲቪሉ እጅ አለ። በዚህ ላይ በቅርብ ዓመታት ግማሽ ያህሉ የግድያ ወንጀል ገዳዩ ሳይያዝ ቀርቷል። ገዳይ ካልተያዘ የሟች ወንድም ምን ያደርጋል? ደም መመለስ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ሕግ በሌለበት ሁሉ ይበቅላል፤ ቋንቋ አይመርጥም።

ነገሩ ልማድ ቢሆን ኖሮ ባልተለወጠ ነበር። በ2020 በመላ አገሪቱ ግድያ 30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ባልቲሞር ከ2015 እስከ 2022 በየዓመቱ ከ300 በላይ ሰው ተገድሎባታል። በ2023 ቁጥሩ 263 ሆነ፤ በ2024 ደግሞ 201። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ ግን ያው ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ የገረመኝ የፊላደልፊያው ነው። ቆሻሻ የሞላባቸውን ባዶ ቦታዎች አጽድተው ሣርና ዛፍ ተከሉባቸው። በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚለው በደሃ ሰፈሮች የጥይት ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። በሣር!

ገዳይ አይጠየቅ አላልኩም። ይጠየቅ፣ ይታሰርም። ግን ያንን ልጅ አስረን ሰፈሩን እንዳለ ከተውነው፣ ተተኪው እዚያው እያደገ ነው።

አክስቴ መደወሏ አይቀርም። ስትደውል አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የሚቀንስ ነገር፣ እሱ ምን ዓይነት ልማድ ነው?