ኮቺ፦ አባት በህንድ፣ ልጅ በኢትዮጵያ

ዛሬ ወደ ደቡብ ህንድ፣ ወደ ጥንታዊቷ የኮቺ ወደብ እንሂድ። ከተማዋ በቁንዶ በርበሬ ንግድ ትታወቃለች። ቁንዶ በርበሬ ማለት እቤታችሁ ያለው ጥቁሩ፣ ክቡ ቅመም ነው።

ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ባሕር ዳር ወደተተከሉት የቻይና መረቦች ነው። መረቡ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሰዎች ተጋግዘው በገመድ ይስቡታል። ፎቶ ለማንሳት ፀሐይ ስትጠልቅ ሂዱ።

ለእኛ ግን የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ይበልጣል። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1524 ኮቺ ውስጥ ሞቶ እዚያ ተቀበረ። በ1539 አፅሙ ወደ ፖርቱጋል ተወስዷል፤ ዛሬ የምታዩት ባዶውን መቃብር ነው። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1541፣ ልጁ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በምፅዋ በኩል ገባ። የኢትዮጵያን ንጉሥ ሊረዳ ነበር የመጣው። ከኢማም አህመድ ጦር ጋር ተዋጋ፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። አባት ህንድ፣ ልጅ ሐበሻ ምድር! ይህን ስንቱ አስጎብኚ ይነግራችኋል?

ጊዜ ካላችሁ በ1568 የተሠራውን የፓራዴሲ ምኩራብ እዩ። ወለሉ በሰማያዊ የቻይና ሸክላ የተነጠፈ ነው። ቅዳሜ ዝግ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ስለምትገቡ፣ ካልሲያችሁ እንዳይቀደድ!