ስለ ጣፋጭ እንፋሎት

ልጅ የሚማረው በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ በመንገድም፥ በጨዋታም፥ ከባልንጀራውም ይማራል። ስለዚህ የሚያስተምረው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል።

በዚህ ዘመን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚባል ዕቃ አለ። ይህ ዕቃ በባትሪ ኃይል ፈሳሽን አሙቆ እንፋሎት ያደርገዋል፤ ሰውም እንፋሎቱን ስቦ ወደ ሳንባው ያስገባዋል። ሽታው እንደ ማንጎና እንደ ከረሜላ ጣፋጭ ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ኒኮቲን አለበት። ኒኮቲን ከትንባሆ ቅጠል የሚገኝ፥ የለመደውን ሰው ባሪያ የሚያደርግ ነገር ነው።

በአሜሪካ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተጠየቁ ጊዜ፥ ከ100ው ከ27 የሚበልጡት ባለፉት 30 ቀኖች ውስጥ ይህን ዕቃ እንደ ሳቡ ተናገሩ። ብዙዎቹን ያስተማራቸው አባት ወይም መምህር አልነበረም። አንዱ ከባልንጀራው አየ፤ ሌላው በስልክ ከሚታይ ሥዕል ተማረ። ብዙ ልጆችም ጣዕም ያለው ውሃ ብቻ መሰላቸው እንጂ ኒኮቲን እንዳለበት አላወቁም።

አንዳንዶች፥ «ከሲጋራ ጢስ ይልቅ መርዙ ያነሰ ነው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መርዝ ስላነሰ ምግብ አይሆንም። ሲጋራ ለምዶ ለመተው ለሚታገል ጐልማሳ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምንም ላልለመደ ልጅ ግን አዲስ እስራት ነው። የልጅ አንጐል ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ፥ ኒኮቲን ልብ ብሎ የመማር ኃይሉን ይጎዳል።

ከዚህ ነገር ሻጩ ገንዘብ ያገኛል። ባልንጀራው ግን ራሱ የተያዘ ነውና፥ ሌላውን ሲጠራ ክፉ የሚያደርግ አይመስለውም። ስለዚህ ጠላት ከሚያመጣው ይልቅ ወዳጅ የሚያመጣውን እምቢ ማለት ይከብዳል።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ይህን ዕቃ መሸጥ ከልክሏል። አዋጅ ግን ሱቅን ይዘጋል እንጂ የልጅን ዐይንና ጆሮ አይዘጋም። ስለዚህ አባትና እናት፥ መምህርም፥ ባልንጀራ ሳይቀድማቸው እውነቱን ለልጅ ሊነግሩት ይገባል፤ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዲሉ። በአሜሪካም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2024 ዓመት ያ ቁጥር ከ100ው ወደ 8 ያህል ወርዶ ተገኘ። በዚህም ልጆች እምቢ ማለት እንደሚችሉ ታወቀ።

ብልኅ ልጅ ጣፋጭ ነገር ሲያቀርቡለት አስቀድሞ ይጠይቃል፤ በውስጡ ምን አለ? የሰጠኝስ ከማን ተማረው? መልሱን እስኪያገኝ ድረስም እጁን ይሰበስባል። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ባለማወቅ መታሰር ግን ያስለቅሳል።